ለኮምቦልቻ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ ቡታጋዝ በአፍንጫ ብቻ አይለካ

የተከበሩ ከንቲባ፣

በከተማችን ብዙ ምግብ ቤቶች በቡታጋዝ ያበስላሉ። ጋዙ ሲያፈስ የምናውቀው በጠረኑ ነው። ጠረኑ ማፍሰሱን ይነግረናል፤ ክፍሉ ለእሳት ምን ያህል እንደቀረበ ግን አይነግረንም።

ቁጥሩ ግን ይታወቃል። ቡታጋዝ በዋናነት ቡቴንና ፕሮፔን ከሚባሉ ጋዞች የተሠራ ነው። ቡቴን የሚቀጣጠለው አየር ውስጥ ያለው መጠን በግምት ከ1.8 እስከ 8.4 በመቶ ሲሆን ነው። ፕሮፔን ከ2.1 እስከ 9.5። ትንሹ ቁጥር ታችኛው ወሰን፣ ትልቁ ላይኛው ወሰን ይባላል፤ ከታችኛው በታች ጋዙ ለመቀጣጠል ያንሳል፣ ከላይኛው በላይ ደግሞ አየሩ ያንሳል። ይህ በቤተ ሙከራ የተለካ ነው፦ ጋዝና አየር በታወቀ መጠን መስታወት ዕቃ ውስጥ ይደባለቃሉ፣ ብልጭታ ይለኮሳል፣ ነበልባሉ መስፋፋቱ ይታያል።

ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ማድ ቤት ያስቡ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ሳሳ ይላል፤ ያንኑ መቶኛ ለመሙላት የሚያስፈልገው ጋዝም ያንሳል። አንድ ኪሎ ገደማ ቡቴን ክፍሉን ታችኛው ወሰን ላይ ያደርሰዋል። ቡቴን ደግሞ ከአየር ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ እግር ሥር ያለው አየር ከዚያ በጣም ባነሰ ጋዝ ለመቀጣጠል ይደርሳል። ላይኛውን ወሰን ማለፉም ዋስትና አይሆንም። በር ሲከፈት አየር ይገባና ድብልቁ ወደሚቀጣጠልበት መጠን ይመለሳል። በዚያች ደቂቃ የመብራት ማብሪያ መጫን ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ተቆጣጣሪዎች የጋዝ መለኪያ እንዲይዙ እጠይቃለሁ። ሲሊንደር የሚከማችባቸው ሱቆችም ወለል አጠገብ ማስጠንቀቂያ ይግጠሙ።

ግዢው ላይ አደራ። ብዙ መለኪያዎች ንባባቸው የሚስተካከለው ሚቴን በሚባል ሌላ ጋዝ ነው፤ ቡቴን ሲያጋጥማቸው አሳንሰው ያነባሉ። በቡቴን ወይም በፕሮፔን የተስተካከለ ይገዛ። መሣሪያው ላይ 100 በመቶ ማለት ታችኛው ወሰን ላይ ተደረሰ ማለት ነው እንጂ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ጋዝ ሆነ ማለት አይደለም። ይህን ሠራተኛው ሁሉ ይወቅ፤ 10 ሲያሳይ ጀምሮ መጠንቀቅ አለበት። መፈተሻ ጋዙም፣ ማለትም መለኪያው በትክክል ማንበቡ የሚረጋገጥበት መጠኑ የታወቀ ጋዝ፣ አብሮ ይገዛ። ሳይፈተሽ የቆየ መለኪያ ዜሮ እያሳየ ሰው ያዘናጋል፤ መለኪያ ጨርሶ ከማጣት ይልቅ እሱን እፈራለሁ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። መለኪያዎቹን በየጊዜው እንዲፈትሽ ከአሁኑ ያነጋግሩት። ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ገንዘብ መያዝ አለመያዙንም ለነዋሪው እንዲያሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምቦልቻ ነዋሪ