ለአማርኛ ክፍል ወላጆች፦ የኒው ኡልም ጉዞ

ሰላም ለሁላችሁም፣

የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በክፍሉ ፋንታ ልጆቹን ይዘን እዚሁ ሚኒሶታ ውስጥ ወዳለችው ኒው ኡልም ከተማ ለመሄድ አስበናል። ከሚኒያፖሊስ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም።

ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1854 የመሠረቷት ጀርመናውያን ስደተኞች ናቸው። መሬቱ ግን የዳኮታ ሕዝብ ነበር። በዳኮታና በአሜሪካ መካከል በተደረገው የ1862ቱ ጦርነት ከተማዋ ሁለቴ ተጠቅታ ብዙው ቤት ተቃጥሏል። ይህንንም ለልጆቹ ሳንደብቅ እንንገራቸው።

ቦታውን የመረጥኩት በቋንቋ ጉዳይ ነው። እንደዚህ ባሉ የገበሬ ከተሞች ጀርመንኛ የቤት፣ የቤተ ክርስቲያንና የጋዜጣ ቋንቋ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ተሸማቀቀ። ጎረቤታችን አዮዋ ግዛት ውስጥማ በ1918 የግዛቱ ገዥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በስልክ፣ በስብከት ሳይቀር ከለከለ። አስቡት፣ አያት ከልጇ ጋር በስልክ በቋንቋዋ ማውራት አትችልም! የልጆቻችንን አማርኛ ሳስብ ይሄ ያንገበግበኛል።

የምንነሣው በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 8:30 ከክፍላችን መኪና ማቆሚያ ነው። እባካችሁ አናርፍድ፤ 45 ጫማ ከፍታ ያለው የደወል ማማ የሚጫወተው እኩለ ቀን ላይ ነው። ደወሉ ሲጀምር በሩ ተከፍቶ የከተማዋን ታሪክ የሚያሳዩ ምስሎች እየዞሩ ይታያሉ። ከዚያ የጥንቱ ጀርመናዊ ጀግና የሄርማን ሐውልት፣ ቀጥሎ ሙዚየሙ።

ምሳ፣ ውኃና ምቹ ጫማ ያዙ። ጾመኞች ስላለን ምግቡ የጾም ቢሆን ጥሩ ነው።

ስንት ሰው እንደምትሆኑና መኪናችሁ ውስጥ ትርፍ ቦታ ካለ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።