በተሳሳተ መለኪያ ስለታረመ የአይኤልትስ ሞዴል ፈተና የቀረበ ቅሬታ

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሰልጠኛ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሞዴል ፈተናዎቻችሁ የተሳሳተ ውጤት ምክንያት ስለደረሰብኝ ጉዳት ቅሬታ ስለማቅረብ

ከጥር 17 እስከ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በማዕከላችሁ የቅዳሜ ጠዋት ምድብ የአይኤልትስ (የዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ዝግጅት ስከታተል የነበርኩ ሰልጣኝ ነኝ። የምኖረውም የምሠራውም ደብረ ብርሃን ነው፤ የአፈር ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። 8,500 ብር ከፍዬ 11 ቅዳሜ ሙሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሳሁ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ላምበረት እየወረድኩ፣ ከዚያ ታክሲ ተጋፍቼ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል እገባ ነበር። አንድም ቀን አልቀረሁም። ይህን የማነሳው ድካሜን ልቆጥርባችሁ አይደለም። በማስታወቂያችሁ 7 እንደምናመጣ ዋስትና ሰጥታችሁ፣ ስመዘገብም “የ7 ዋስትናው የሚሠራው ሁሉንም ክፍለ ጊዜ ለተከታተለ ብቻ ነው” ተብዬ ስለነበር፣ ፊርማዬ መዝገባችሁ ላይ ሙሉ መሆኑን ከወዲሁ እንድታረጋግጡልኝ ነው።

በመጨረሻው ሞዴል ፈተና የሰጣችሁኝ ውጤት ማዳመጥ 7.0፣ ንባብ 7.0፣ ጽሑፍ 6.5፣ ንግግር 6.5፣ አጠቃላይ 7.0 ነው። ማህተማችሁ ያረፈበት ወረቀት እጄ ላይ አለ። በዚያው ሳምንት ለእውነተኛው ፈተና ተመዘገብኩ። ግንቦት 2 ቀን ተፈተንኩ። ያገኘሁት ማዳመጥ 6.0፣ ንባብ 5.5፣ ጽሑፍ 5.0፣ ንግግር 6.5 ነው። አማካዩ 5.75 ስለሆነ በፈተናው ደንብ ወደ ላይ ተጠግቶ አጠቃላይ 6.0 ተጻፈልኝ። በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ቅበላ የሰጠኝ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ግን አጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉም ከ6.0 ያላነሰ ነበር።

ቅሬታዬ ዝቅተኛ ውጤት አመጣሁ የሚል አይደለም። እንግሊዝኛዬ የራሴ ነው፤ ድክመቱም የራሴ ነው። ቅሬታዬ፣ ያልደረስኩበት ደረጃ ላይ ደርሰሻል ብላችሁ በማህተም መስክራችሁልኛል የሚል ነው። ሞዴል ፈተና የሚሰጠው ሰው የት እንዳለ እንዲያውቅ ነው። እኔም ገንዘቤን የከፈልኩት በዋናነት ለዚያ ነው፤ ሰዋስውማ ቤቴ ተቀምጬም አነበዋለሁ።

ውጤቱ እንደደረሰኝ ቢሮአችሁ መጥቼ ነበር። የተቀበለችኝ ሠራተኛ በትህትና ነው ያናገረችኝ፤ መልሷ ግን “እህቴ፣ በሞዴል 7 አምጥቶ በፈተናው ቀን 5 የሚያመጣ ብዙ ሰው አለ፤ ድንጋጤ ነው” የሚል ነበር። እኔም አምኜ ተመለስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ስወቅስ ከቆየሁ በኋላ ግን የዚያን ቀን እንዳልደነገጥኩ ትዝ አለኝ። ተረጋግቼ ነበር የተቀመጥኩት። እንዲያውም ከልክ በላይ ተረጋግቼ ነበር፤ 7 እንዳለኝ ነግራችሁኝ ነበርና። ያኔ ነው የሠራኋቸውን ሞዴል ፈተናዎች ከካርቶን አውጥቼ እንደገና ማየት የጀመርኩት።

ከንባቡ ልጀምር። 7.0 የተጻፈበት የመጋቢት 27ቱ ወረቀት የመጀመሪያ ክፍል የአንድ ስፖርት ማዘውተሪያ ማስታወቂያና የሚከራዩ ክፍሎች ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ክፍል ስለ ሠራተኞች የዓመት ፈቃድ አጠያየቅ ያትታል። ረጅም ምንባብ ያለው በሦስተኛው ክፍል ብቻ ነው። ይህ እንደ እኔ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈልጉ የሚወስዱት የአካዳሚክ ፈተና አይደለም፤ ለሥራና ለኑሮ ወደ ውጭ የሚሄዱ ሰዎች የሚወስዱት የጄኔራል ትሬኒንግ ፈተና ነው። የአካዳሚክ ንባብ ሦስት ረጃጅም ምንባቦች አሉት፤ የሚወሰዱትም ከመጽሐፍ፣ ከመጽሔት፣ ከጋዜጣና ከምርምር ጆርናል ነው። እኔ የተመዘገብኩት ለአካዳሚክ እንደሆነ ደረሰኛችሁ ላይ ተጽፏል።

በዚያ ወረቀት ላይ ከ40 ጥያቄ 30 መልሻለሁ። እናንተም 30ን ይዛችሁ በአካዳሚኩ የነጥብ መለወጫ ሰንጠረዥ አሰላችሁትና 7.0 አላችሁ። የፈተናው ባለቤቶች ለሕዝብ ባወጡት መረጃ ግን 30 መልስ በአማካይ በአካዳሚክ ባንድ (የውጤት ደረጃ) 7፣ በጄኔራል ትሬኒንግ ደግሞ ባንድ 6 ነው። የጄኔራል ትሬኒንጉ ምንባብ ስለሚቀል 7 ለማግኘት 34 ያስፈልጋል። እናንተ ቀላሉን ፈተና ሰጥታችሁ በከባዱ ሰንጠረዥ አረማችሁት። ከወሰድኳቸው አራት ሞዴል ፈተናዎች ሁለቱ እንዲህ ናቸው። በየካቲት ወር በሠራሁት በትክክለኛው የአካዳሚክ ወረቀት ያመጣሁት 22 ነበር፤ ይህም 6 እንኳ አይሞላም። ከ22 ወደ 30 ስወጣ ተሻሻልኩ ብዬ ምን ያህል እንደተደሰትኩ ብነግራችሁ አሁን ያሳፍረኛል። የተሻሻለ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

ይህ የእርማት ስህተት ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ የአመዘጋገባችሁ ውጤት ነው። የሁለቱን ፈተና ሰልጣኞች አንድ ክፍል አስገባችሁን። በመጀመሪያው ቀን ስጠይቅ “ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ አትጨነቂ” ተባልኩ። ጥቂት አይደለም። በአካዳሚክ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሥራ ግራፍ፣ ሰንጠረዥ፣ ካርታ ወይም የአሠራር ሂደት መግለጽ ነው፤ በጄኔራል ትሬኒንግ ግን ደብዳቤ መጻፍ ነው። እኛ ሁለት ቅዳሜ ደብዳቤ ስንጽፍ ዋልን፤ ግራፍ ያየነው ለአንድ ቅዳሜ እኩሌታ ያህል ነው።

የማዳመጡ ነገር ደግሞ ይህን ይመስል ነበር። መምህሩ ድምፁን በስልኩ ከፍቶ ትንሽ ስፒከር ላይ ይሰካዋል፤ መስኮቱ ሥር የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ። ሰው “አልሰማሁም” ሲል ያቆምና ወደ ኋላ መልሶ ያሰማናል። እውነተኛው ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ካመለጠህ አመለጠህ። ልምምዱ ያንን ካላስለመደኝ ምን ይጠቅመኛል? ደግሞ መልሳችንን ጥያቄው ወረቀት ላይ እየጻፍን በመጨረሻ በ10 ደቂቃ ወደ መልስ መስጫው እንድንገለብጥ ነበር የተማርነው። ይህ የሚሠራው በወረቀት ለሚፈተን ነው። በኮምፒውተር ለሚፈተን ያለው መልሱን የሚያይበት 2 ደቂቃ ብቻ ነው። በኮምፒውተር እንደምፈተን ነግሬያችሁ ነበር። ልዩነቱን ያወቅኩት ግን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን መመሪያ ሳነብ ነው።

እርማቱም ልል ነበር። መጋቢት 27 ከተሰጠኝ ነጥብ ውስጥ ሦስቱ መሰጠት ያልነበረባቸው ናቸው። “አኮሞዴሽን” የሚለውን ቃል በአንድ ኤም ጽፌዋለሁ፤ ትክክል ተብሎልኛል። ከሁለት ቃል ያልበለጠ መልስ ስጡ በሚል ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ቃል ጽፌያለሁ፤ እሱም ትክክል ተብሎልኛል። በእውነተኛው ፈተና የፊደል ስህተትም ሆነ ከተፈቀደው የቃል ብዛት ማለፍ መልሱን ስህተት ያደርገዋል። መምህሩ እንዲህ ያደረገው በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ “ሐሳቡ ገብቷታል” ብሎ ነው። ነገር ግን ያ ደግነት እኔን የጎዳኝ ደግነት ነው።

ከሁሉም የቆጨኝ ጽሑፉ ነው። በ11 ሳምንት ስድስት ድርሰት አስገብቻለሁ። ስድስቱም የተመለሱልኝ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቁጥርና “ጎበዝ፣ ቀጥይበት” የሚል ቃል ሰፍሮባቸው ነው። አንድም ዓረፍተ ነገር ሥር አልተሰመረበትም። 6.5 የተሰጠውን የመጨረሻውን ትናንት ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቃሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ 212 ናቸው። ሁለተኛው የጽሑፍ ሥራ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል፤ ከመጀመሪያው ሥራ ይልቅም እጥፍ ክብደት ያለው እሱ ነው። ጥያቄው ሁለቱንም አስተያየቶች አንስተሽ ተወያዪና የራስሽን አቋም ግለጪ ይላል። እኔ የጻፍኩት ስለ አንዱ አስተያየት ብቻ ነው፤ ሌላኛውን በስምም አላነሳሁትም። ጽሑፍ የሚመዘነው እኩል ክብደት ባላቸው አራት መስፈርቶች ነው፤ ለጥያቄው በተሰጠው መልስ፣ በሐሳቡ ፍሰትና ትስስር፣ በቃላት ሀብትና በሰዋስው። ከመጀመሪያው መስፈርት አንጻር ያ ድርሰት ወዲያው ይወድቃል። ወረቀቱን ከልቡ ያነበበ ሰው ይህን ሳያይ ሊያልፍ አይችልም።

መግቢያውና መደምደሚያው ደግሞ የእኔ አይደሉም። “ወርቃማ ዓረፍተ ነገሮች” ብላችሁ ካደላችሁን 12 ገጽ ጥራዝ እንዳለ የተገለበጡ ናቸው። ስለ ትምህርት ይሁን ስለ ትራፊክ፣ ስለ ጤና ይሁን ስለ ቱሪዝም፣ ያንኑ አንቀጽ በቃላችን እንድንይዝና ባዶውን ቦታ ብቻ እንድንሞላ ተነገረን። በቃል ተጠንቶ የመጣን ጽሑፍ የፈተናው አራሚዎች ይለዩታል፤ ዋጋም አይሰጡትም። በአንድ ክፍል የነበርነው 24 ሰዎች ያንኑ መግቢያ ይዘን ወደ ፈተና ሄድን ማለት ነው። ሰው በራሱ ቋንቋ ቀላል ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ ማስተማር ከዚህ እጅግ ይሻል ነበር።

ስለ ንግግሩ ብዙ የምለው የለኝም። ሙሉ ቃለ መጠይቁ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ እኔ በ11 ሳምንት ውስጥ አንድም ጊዜ ሙሉውን አልተለማመድኩም። 6.5 ያመጣሁት ቤቴ ውስጥ ከእህቴ ጋር እያወራሁ ነው።

አሁን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ውጤት የሚቀበለው እስከ ግንቦት 23 ነበር። መጋቢት ላይ ንባብሽ ከ6 በታች ነው፣ ጽሑፍሽም ጥያቄውን አይመልስም ብላችሁ እቅጩን ብትነግሩኝ ኖሮ ሁለት ምርጫ ነበረኝ፤ ቀኑን ወደ ግንቦት አጋማሽ ገፍቼ ሌት ተቀን በጽሑፍና በንባብ ላይ መሥራት፣ ወይም ቅበላው በአንድ ዓመት እንዲዘዋወርልኝ በጊዜ መጠየቅ። ሁለቱንም አላደረግኩም፤ ምክንያቱም 7 እንዳለኝ የሚመሰክር ወረቀት ይዤ ነበር። ቅበላው አልፎኛል። ለፈተናው የከፈልኩትም ለእኔ የወራት ደመወዝ ነው፤ በማግስቱ ደግሜ የምፈተንበት አቅም የለኝም።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ማንኛውም ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። እናንተ በማስታወቂያችሁ 7 ዋስትና ሰጣችሁ፤ በወረቀታችሁም ደርሰሽበታል አላችሁ። ስለዚህ የከፈልኩት 8,500 ብር ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ዋስትናው ትምህርቱን በነፃ መድገም ነው እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ያንኑ ወረቀትና ያንኑ ጥራዝ መድገም ግን አልፈልግም። ከገንዘቡ ጋር፣ ስድስቱን ድርሰቶቼን መስፈርቱን የሚያውቅ ሰው አንብቦ በእያንዳንዳቸው ላይ ስህተቴን በጽሑፍ እንዲያሳየኝ እፈልጋለሁ። ይህን የምጠይቀው ከልቤ ነው፤ እንደገና እፈተናለሁ።

ሌላም አለ፤ እሱን ከገንዘቡ በፊት እንድታደርጉት እለምናችኋለሁ። ከጎኔ ትቀመጥ የነበረችው ነርስ ፈተናዋ ሐምሌ 12 ነው። እንግሊዝ አገር በነርስነት ለመመዝገብ የዚያ አገር የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት በአካዳሚክ ፈተና በማዳመጥ፣ በንባብና በንግግር 7.0፣ በጽሑፍ 6.5 ይጠይቃታል። የንባብ 7.0ዋን ያገኘችው ከእኔ ጋር በሠራነው በዚያው የስፖርት ማዘውተሪያ ማስታወቂያ ባለበት ወረቀት ነው። እኔ ነግሬያታለሁ፤ ሌሎቹን ግን ስልካቸውን አላውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ። የቅዳሜ ጠዋት ምድብ ሰልጣኞችን ሁሉ በስልክ ጠርታችሁ የሁለቱ ሞዴል ፈተናዎች ውጤት ስህተት እንደነበር ንገሯቸው፤ በትክክለኛው የአካዳሚክ ወረቀትም እንደገና ፈትኗቸው።

የታረሙትን አራቱን ሞዴል ፈተናዎች፣ ስድስቱን ድርሰቶች፣ ደረሰኙንና የእውነተኛውን ፈተና ውጤት ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ ካላገኘሁ ይህንኑ ማስረጃ ይዤ ለንግድ ቢሮ አቀርባለሁ። ስልኬ መዝገባችሁ ላይ አለ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከ11 ሰዓት በኋላ እገኛለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቅዳሜ ጠዋት ምድብ ሰልጣኝ፣ ደብረ ብርሃን