አንድ ጥያቄ ይዘው የሚቀመጡበት ክፍል እንሥራላቸው

የደብረ ብርሃን ወላጆች፣ መምህራን፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከከተማችን ርቃችሁ የምትኖሩ ልጆቿ፤ ይህን የድጋፍ ጥሪ የምጽፍላችሁ የሂሳብ ክበባችንን ወክዬ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰቡ ጥያቄ የሚሠሩበት ክበብ ነው። እስካሁን ቋሚ ቦታ አልነበረውም። ክፍት ክፍል ከተገኘ እዚያ፣ ካልተገኘ በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጡት። አሁን አንድ ትምህርት ቤት አሮጌ እቃ ቤቱን ፈቅዶልናል። ጣሪያው ደህና ነው። ወለሉ ግን ተፈረካክሷል፣ ኮርኒስ የለውም፣ መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ጣት እስክሪብቶ አይጨብጥም።

ክፍሉን ለማደስ፣ ሰሌዳና ወንበር ለማስገባት፣ የአንድ ዓመት የማባዣ ወጪ ለመሸፈን 240,000 ብር ያስፈልገናል።

እኔ የዚህ ክበብ ልጅ ነኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፤ ክረምት ላይ እየመጣሁ ታናናሾቼን አግዛለሁ። ብር ከመጠየቄ በፊት እዚያ ምን እንደምንማር ልንገራችሁ። ብዙ ሰው «ቱቶር ነው አይደል?» ይለናል። አይደለም።

ቱቶር ላይ መምህሩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሠራል፣ ተማሪው ያንኑ እየደጋገመ ይለማመዳል። ፎርሙላ ይያዛል፣ ሾርት ኖት ይሸመደዳል፣ የድሮ ማትሪክ ይከለሳል። ጥቅም የለውም አልልም፤ እኔም ተምሬበታለሁ። ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው መልኩን ትንሽ ሲቀይር ነው። የተሸመደደው ፎርሙላ የት ጋ እንደሚገባ አይታወቅም። ተማሪው እስክሪብቶውን ያስቀምጥና «ይሄን አልተማርነውም» ይላል። ልክ ነው፣ አልተማረውም። የማያውቁት ጥያቄ ሲገጥም ከየት እንደሚጀመር ማንም ቁጭ ብሎ አላሳየውም።

ክበቡ የሚያሳየው ይህንን ነው። አንዱን ቅዳሜ ልንገራችሁ።

ዳማ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ካርቶን ላይ የተሰመረ፣ በቆርኪ የሚጫወቱት። ስምንት በስምንት ነው፣ ጥቁርና ነጭ የሚፈራረቁበት 64 ቤት። ቲቸር እንዲህ ያለ ሰሌዳ ይዘው መጡ። የላይኛውን የግራ ማዕዘንና የታችኛውን የቀኝ ማዕዘን በመቀስ ቆርጠው አወጧቸው። 62 ቤት ቀረ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ልክ ሁለት ቤት የሚሸፍኑ 31 የካርቶን ቁራጮች ሰጡን። «ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። አይቻልም ካላችሁ ደግሞ ለምን እንደማይቻል አስረዱኝ» አሉን።

31 ጊዜ ሁለት 62 ነው። የሚቻል ይመስላል። ሁሉም መደርደር ጀመረ። ግን መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ቤት ይተርፋል፣ የሚተርፉትም ጎን ለጎን አይገናኙም። አፍርሶ እንደገና መደርደር ሆነ። አንዱ ልጅ ቁራጮቹን ገፋ አደረገና «በትንሹ እንሞክረው» አለ። ሁለት በሁለት የሆነ ሰሌዳ ሣለ። ሁለቱን ማዕዘኖች ሰረዘ። የቀሩት ሁለት ቤቶች በሰያፍ ነው የሚተያዩት፤ አንድ ቁራጭ ሁለቱን አይሸፍንም። አራት በአራት ሞከርን፣ እዚያም እምቢ አለ።

ከዚህ በኋላ ነው ቀለሙ የታየን። የተቆረጡት ሁለት ማዕዘኖች ሁለቱም ነጭ ናቸው። ስለዚህ የቀረው 32 ጥቁርና 30 ነጭ ነው። አንድ ቁራጭ ደግሞ የትም ብታስቀምጡት አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ይሸፍናል። 30 ቁራጭ ቢቀመጥ ነጩ በሙሉ ያልቃል፣ ሁለት ጥቁር ይቀራል። ጥቁርና ጥቁር ደግሞ ጎን ለጎን አይሆኑም። በቃ፣ አይቻልም። ዕድሜ ልክ ቢደረደር አይቻልም። ይህን ለማረጋገጥ አንድም ፎርሙላ አላስፈለገንም።

ቲቸር በዚህ አላበቁም። «አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ፣ ከፈለጋችሁበት ቦታ ብናወጣስ?» ብለው ወደ ቤት ሰደዱን። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ሁሉንም ቤት አንድ አንድ ጊዜ እያለፈ ወደ ተነሳበት የሚመለስ መንገድ ሰሌዳው ላይ ሥላለች። በዚያ መንገድ ላይ ጥቁርና ነጭ ይፈራረቃሉ። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ሲወጡ መንገዱ ይቆረጣል፤ በሚቀረው በእያንዳንዱ ክፋይ ላይ ያሉት ቤቶች ቁጥር ተጋማሽ ነው። ተጋማሽ ከሆነ ቁራጮቹን መንገዱን ተከትሎ መደርደር ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ይቻላል። ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም ነበር።

ስለ እጅ ማውጣት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሂሳብ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳብ ያለው ልጅ እንግሊዝኛው ስለሚያስፈራው ዝም ይላል። ክበቡ ውስጥ የምንከራከረው በአማርኛ ነው። «እንዴት አወቅሽ?»፣ «ይሄ ሁልጊዜ ይሠራል?»፣ «እስቲ አፍርሰው» እንባባላለን። ሐሳቡ ከጠራ በኋላ በእንግሊዝኛ እንጽፈዋለን። ፈተና ላይም የሚጠቅመው ያ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከክበቡ ይዤው የሄድኩት አንዱ ነገር መቀመጥ መቻል ነው። ጥያቄው እምቢ ሲል አለመነሳት። ቁጥሩን አሳንሶ መሞከር፣ መሣል፣ ሁሉም ነገር ሲቀያየር ምኑ እንደማይቀየር ማየት። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ መልሱ ከተገኘ በኋላ ሌላ ሰው አንብቦ እንዲገባው አድርጎ መጻፍ። ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው። ገባኝ ያልኩት ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር የት ጋ እንደሚያነክስ ይታያል። የሚያነበው ሰው ካለ ነው ግን። ለብቻ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይህን መልመድ በጣም ይከብዳል። ስንቱ ልጅ ነው ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ያለው? ውሃ መቅዳት አለ፣ ታናናሽ መያዝ አለ፣ መብራት ይጠፋል።

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ሁላችንንም እንዳስደነገጠን አስታውሳለሁ። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ የሁሉም ትምህርት እንጂ የሂሳብ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው፣ በአንድ ክበብም አይፈታም። ግን ያንን ቁጥር ሰምቶ ልጆቹን መውቀስ አግባብ አይመስለኝም። ማሰብ የሚለማመዱበት ቦታና ጊዜ ስጧቸውና እዩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሩማንያ ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፉ የሂሳብ ኦሊምፒያድ በሁለት ቀን ስድስት ጥያቄ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለሦስቱ አራት ሰዓት ተኩል። ለአንድ ጥያቄ ያን ያህል ጊዜ የሚመደበው ማሰብ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው።

ወጪው ውስጥ ማባዣ ለምን እንደገባ የሚጠይቅ ይኖራል። በየወሩ አንድ የጥያቄ ወረቀት ማውጣት እንፈልጋለን። ሐሳቡ የኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894 ሃንጋሪ ውስጥ ግዮር በምትባል ከተማ ዳንኤል አራኒ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለተማሪዎች ወርኃዊ የሂሳብ መጽሔት ጀመረ። ጥያቄ ይወጣል፣ ተማሪዎች መፍትሔ ጽፈው ይልካሉ፣ ጥሩው መፍትሔ ከነሠሪው ስም ይታተማል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ምክንያት ቢቋረጥም ዛሬም ይወጣል። ከዋና ከተማ ውጭ የነበረ አንድ መምህር ነው የጀመረው። ደብረ ብርሃንም ትችላለች። የኛ ወረቀት ፊትና ጀርባ ያለው አንድ ቅጠል ይሆናል፤ በከተማዋና በዙሪያዋ ላሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይበተናል። ቅዳሜ መምጣት የማይችል የገጠር ልጅ በዚህ በኩል ይደርሰዋል። መፍትሔውን ጽፎ በመምህሩ በኩል ይልክልናል፣ እኛ አንብበን አስተያየት ጽፈን እንመልስለታለን። የማረሙን ሥራ ዩኒቨርሲቲ ያለን የክበቡ ልጆች ተከፋፍለነዋል።

240,000 ብሩ እንዲህ ተመድቧል። ለወለል፣ ለኮርኒስና ለመስኮት 110,000። ሰሌዳ፣ ረጃጅም ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር፣ ቻርጅ ከሚደረግ መብራት ጋር 70,000። ወረቀትና ማባዣ ለአንድ ዓመት 60,000። ሰሌዳው በጠመኔ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ማርከር ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ሦስቱንም ግድግዳ ሰሌዳ ማድረግ ነው የምንፈልገው። ልጆቹ ቆመው፣ እየተያዩ፣ እየሰረዙ ሲሠሩ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ብር ብቻ አይደለም የምንጠይቀው። አናጺ ወይም ግንበኛ የሆናችሁ የአንድ ቀን ጉልበታችሁ ትልቅ ነገር ነው። ቢሮ የምትሠሩ፣ በአንድ ገጹ ብቻ የታተመበትን ወረቀት አትጣሉብን። ጥያቄ የሚሠራ ልጅ ወረቀት ይበላል። መምህራን፣ በወር አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ብትቀመጡ እንኳ ለልጆቹ ብርታት ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የሰፈር ልጆች ተሰባስባችሁ የአንዱን ክፍል ወጪ፣ ለምሳሌ የሰሌዳዎቹን፣ ብትይዙልን ሥራው ይፋጠናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና 100 ብርም ትንሽ አይደለችም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ከኪሳቸው እያዋጡ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በክበቡ ስም በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ነው። አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅና አንድ የቀድሞ ተማሪ በጣምራ ፊርማ ያንቀሳቅሱታል። ገቢና ወጪው በየወሩ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል፣ ከጥያቄው ወረቀት ጀርባም ይታተማል። ከእነዚህ ሦስት አስተባባሪዎች ውጭ በክበቡ ስም ብር የሚሰበስብ ሰው የለንም። በግል ስልክ ላኩ የሚላችሁ ካለ አትላኩ። ሥራው የሚጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ኅዳር ሳይገባ ቢያንስ መስኮቶቹ መገጠም አለባቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ብላችሁ ክፍሉንም ልጆቹንም እዩ። እዚያው ለምትሰጡት ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል፤ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።