ባስ ጊታሩ የቱ ጋ ነበር?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጅማው የጃዝ ምሽት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። መድረኩ ላይ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ከዘመሩት አንዷ እኔ ነኝ፤ አልቶ (ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ)፣ ከግራ ሁለተኛዋ። ዘጋቢያችሁ የት እንደነበረ ግን እንጃ።

«ባስ ጊታሩ ጎልቶ በመሰማቱ የድምፃውያኑን ኅብረት አልፎ አልፎ ውጦታል» ይላል ጽሑፉ። የትኛው ባስ ጊታር? ያ «ዱም ዱም» ሲል ያመሸው የሰው ጉሮሮ ነው። ባለቤቱ ሄርማታ መርካቶ ልብስ ይሰፋል። የፊት መስመር ላይ፣ ቡኒ ኮት ለብሶ፣ ምቱን በቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እየቆጠረ ነበር የቆመው። ጭኑን ክራር መስሏችሁ ካልሆነ በቀር ሌላ መሣሪያ በእጁ አልነበረም።

ባሱ፣ ማለትም ዝቅተኛው የወንድ ድምፅ፣ ጮኸ ብትሉ ኖሮ እሺ፣ እንነጋገርበታለን። ማይኩ ቀርቦት ሊሆን ይችላል። የሌለ ጊታር ድምፅ ግን እንዴት ይቀነሳል?

ነገሩ እኮ ዋናው ነገር ስለሆነ ነው የምጨቀጭቃችሁ። በመዝሙር ኳየር ባሱ ብዙ ጊዜ አንድ ድምፅ ይዞ ረጋ ማለት ይችላል። በስዊንግ፣ በዚያ በሚወዛወዘው የጃዝ ምት፣ ግን በየምቱ ይራመዳል፤ ኮርዱ (አብረን የምናሰማው የድምፅ ጥምር) ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረን እሱ ነው። እኛ ከላይ ተጠጋግተን ነው የምንዘምረው። አንዳንዴ በእኔና በቴነሩ (በከፍተኛው የወንድ ድምፅ) መካከል ያለው ግማሽ ቶን፣ ማለትም በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፃችንን አናንቀጠቅጥም፤ ካንቀጠቀጥን ኮርዱ ይደፈርሳል። እሱ ከሳተ ሁላችንም ገደል ነን። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው በእናንተ ጋዜጣ ዕቃ ሆነ።

ግራ የተጋባችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሚልስ ብራዘርስ የሚባሉ አራት የኦሃዮ ወንድማማቾች ትራምፔቱንም ቱባውንም በአፋቸው ያሰሙ ነበር። አድማጭ እንዳይሳሳት ሸክላቸው ላይ «ከአንድ ጊታር በቀር ምንም መሣሪያ አልተጠቀምንም» ዓይነት ማስታወቂያ ይለጠፍ ነበር። እኛም በሚቀጥለው ትኬታችን ላይ እናሳትማለን። በትልልቅ ፊደል።

ደግሞ «ጃዝ ለጅማ እንግዳ ቢሆንም» የምትል ነገር ጣል አድርጋችኋል። ወይ ጉድ! ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው የት ሆነና? እሺ፣ እሱ ጃዝን የተማረው ባሕር ማዶ ነው፣ ይሁን። ግን ስዊንግ ምቱን ለሦስት ከፍሎ ሁለቱን እጅ ለመጀመሪያው ኖታ፣ የቀረውን ለተከታዩ ይሰጣል። በችክችካ ላደገ ሰው ይህ ምን ይከብደዋል? አንዱ ሲያወጣ ሌላው መቀበሉንስ ጅማ ከመንዙማው አታውቀውም? ያን ምሽት ሕዝቡ ሳይነገረው፣ እንደ ጃዝ ወጉ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ሲያጨበጭብ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው ዘጋቢያችሁ ግን በአንድና በሦስት ሲያጨበጭብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለራሴም ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅም። አልቶ መሆን ድሮውንም ዕድል የለውም። ዜማውን ሶፕራኖዋ፣ ከፍተኛዋ የሴት ድምፅ፣ ትወስዳለች፣ ፉጨቱን ቴነሩ። ለእኛ የሚተርፈን ማንም የማይዘምረው፣ ሲጎድል ብቻ የሚታወቀው መሐለኛው ድምፅ ነው። ከሥራ መልስ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ፣ ያንን ስንለማመድ ከርመን ዘገባው ስለ አልቶ አንዲት ቃል አይልም። ስለ ቀሚሳችን ግን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተርፎለታል። «ውብ ስፌት» ብሏል።

የሰፋው ያው ባስ ጊታራችሁ ነው።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ስታወጡም የሰውየውን ስም ጻፉ፤ ሱቁ ሄዳችሁ ጠይቁት፣ ሰላማዊ ሰው ነው። እስከዚያው ደንበኞቹ ሱሪ ሊያሳጥሩ ሲመጡ «ጊታር ደግሞ መቼ ጀመርክ?» እያሉ ሥራ አስፈትተውታል።

አንዲት አልቶ
ከጅማ