ይድረስ ለወዳጄ ለጌታቸው

እንዴት ከርመሃል ወንድሜ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ስንት ዘመን ሆነን! የአማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ ከሩቅ ሰው ጋር የሚነጋገሩበት የግል ሬዲዮ) ፈቃድህ መውጣቱን፣ በጢስ ዓባይ መንገድ ያለውን የአባትህን መሬት መረከብህን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ለ40 ሜትር ባንድ (የሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር ገደማ ለሆነው የሬዲዮ ክልል) የሚዞር ያጊ፣ ማለት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥር ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና፣ ከውጭ ልታስመጣ አስበሃል አሉ። እባክህ ገንዘብህን ያዝ። ማማው፣ ማዞሪያ ሞተሩ፣ ማጓጓዣው ሁሉ ሌላ ወጪ ነው። ያን ሁሉ ከፍለህም ለ80 እና ለ160 ሜትር ምንም አልሠራህም።

በእነዚህ በዝቅተኞቹ ባንዶች (ሜትሩ ሲበዛ ድግግሞሹ ዝቅ ይላል) እኛን የሚፈትነን መስማቱ ነው። ማታ በ100 ዋት 80 ሜትር ላይ ብትጠራ አውሮፓ ያለው ሰው ሊሰማህ ይችላል። እሱ ሲመልስልህ ግን የሐሩር አገር መብረቅ የሚፈጥረው ጫጫታ ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለጆሮህ አንቴና ሥራ። ቤቨሬጅ ማለቴ ነው።

ሃሮልድ ቤቨሬጅ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1921 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ነው። መቶ ዓመት አልፎትም ለዋጋው የሚወዳደረው የለም። 150 ሜትር ያህል ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ በባሕር ዛፍ አጠና ላይ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ አድርገህ ትዘረጋለህ። ከብትም ሰውም ከሥሩ ያልፋል። ወደምትሰማው አገር በሚያመለክተው ጫፍ 450 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ) አስረህ መሬት ውስጥ ከተተከለ የግራውንድ ዘንግ ጋር ታገናኘዋለህ። ሬዚስተሩ ሽቦ የተጠመጠመበት ዓይነት እንዳይሆን። ለሬዲዮህ በሚቀርበው ጫፍ ትንሽ ትራንስፎርመር ይገባል። ከዚያ እስከ ሬዲዮው እኔ የዲሽ ኬብል ተጠቀም እላለሁ፤ ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። 75 ኦም ስለሆነ የሽቦውን 450 ኦም ወደ 75 የሚያወርድ ስድስት ለአንድ ትራንስፎርመር ይበቃዋል።

ከፊት የሚመጣው ሞገድ በሽቦው ላይ እየተጓዘ ይጠነክራል። ከኋላ የመጣው ሬዚስተሩ ውስጥ ይቀልጣል። የሬዲዮህ የምልክት መለኪያ መርፌ ዝቅ ሲል አትደንግጥ፤ ጫጫታው ከድምፁ የበለጠ ስለሚወርድ ነው ቃሉ ጥርት ብሎ የሚሰማህ። በዚህ አንቴና ግን አትላክበት፤ ኃይልህን መሬት ይበላዋል።

አቅጣጫውን አስልቼልሃለሁ። ከባሕር ዳር፣ ከሰሜን ተነስቶ ወደ ቀኝ ሲቆጠር፣ መካከለኛው አውሮፓ 340 ዲግሪ፣ ኒው ዮርክ 315 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። ሽቦውን 325 ላይ ብታነጣጥረው ሁለቱንም ይይዝልሃል። ጃፓንን ከፈለግህ ሌላ ሽቦ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘረጋል።

በጣና ደግሞ እንዳትሸወድ። ቋሚ አንቴና ባሕር ዳርቻ ላይ ተአምር ይሠራል የሚባለው ስለ ጨው ውኃ ነው። የጣና ውኃ ጨው የለውም፣ ኤሌክትሪክም እንደ ባሕር አያስተላልፍም። ሐይቅ ዳር ቦታ ፍለጋ ገንዘብ አታውጣ። ቤቨሬጅ እንዲያውም የሚወደው ደካማውን፣ ድንጋያማውን መሬት ነው።

ለመላኪያ በ40 ሜትር ሃፍ ስኩዌር የሚባለውን የሽቦ አንቴና ሥራ። 20 ሜትር አግድም ሽቦ፣ ከሁለቱ ጫፍ ወደ ታች የተንጠለጠሉ አሥር አሥር ሜትር እግሮች፣ በቃ። ኬብሉ ከላይ ካንዱ ማዕዘን ይገባል፤ መሬት ላይ የሚዘረጋ ሽቦም አይፈልግም። አግድሙን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ካሰርከው በጎኑ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይልካል፣ በሌላው ጎኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ። አጥርህ ላይ ያሉት ረጃጅም ባሕር ዛፎች ለዚህ የተተከሉ ነው የሚመስሉት። ለ80 ሜትር ለጊዜው ኢንቨርትድ ቪ (መሃሉ ከፍ ብሎ ሁለት ክንዱ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ የሽቦ አንቴና) ይበቃል፤ ዝቅ ብሎ ሲሰቀል ወደ ሰማይ ስለሚረጭ አዲስ አበባንና ጎረቤት አገሮችን በደንብ ታገኛለህ።

አንድ ነገር አደራ፤ በክረምት ሰማዩ ሲጠቁር ኬብሎቹን ሁሉ ከሬዲዮው ንቀል። የሐምሌና የነሐሴን መብረቅ ታውቀዋለህ።

አሁን መሬቱን በ325 አቅጣጫ ለካና ርዝመቱን ላክልኝ። 150 ሜትር ካልሞላ አትጨነቅ፣ ኬ ናይን ኤዋይ ሉፕ የሚባል በአንድ ምሰሶ የሚቆም የመስሚያ አንቴና አለ፤ እሱን እሠራልሃለሁ። አጠናውን እኔ ከዚህ እገዛለሁ። ጥቅምት ሳይገባ እንጨርሰው፣ የሰሜኑ ረጅም ሌሊት የሚጀምረው ያኔ ነው። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ ሙሉቀን
ከባሕር ዳር