ለአባላት፦ የጥላቻ ዘመቻ ሲከፈትባችሁ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን በአንዲት እህታችን ላይ በፌስቡክና በቲክቶክ ስድብና ዛቻ እየዘነበባት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ከሁሉ በፊት ስክሪንሾት አንሡ፤ የአካውንቱ ስም፣ ቀኑና ሊንኩ አይቅሩ። ብሎክ ካደረጋችሁ በኋላ ማስረጃው ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል።

ኢንስታግራም አንድን ሰው ስታግዱ ወደፊት የሚከፍታቸውን አካውንቶችም አብሮ የማገድ አማራጭ ይሰጣል። ቲክቶክ ላይ ብዙ ኮሜንቶችን በአንድ ጊዜ መርጦ ማጥፋት ይቻላል። ሁለቱም የመዘገባችሁትን ቃል የያዘ ኮሜንት ይደብቁላችኋል። ስድቡን በግዕዝ ፊደልም በላቲንም መዝግቡት፤ በ«ሀ»ም በ«ሐ»ም በ«ኀ»ም ጻፉት፣ አለዚያ አንዱ ታግዶ ሌላው ያልፋል። ይህን ሥራ ግን ተሰዳቢዋ ራሷ እያነበበች ባትሠራው ይሻላል። የምታምኑት ሰው ስልኩን ይዞ ይሥራላችሁ።

ስድቡን ለድርጅቱ ሪፖርት አድርጋችሁ «ደንባችንን አልጣሰም» የሚል መልስ ቢመጣ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። በአማርኛ የሚሰጠው ጥበቃ ደካማ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በ2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከመገደላቸው በፊት በፌስቡክ ብዙ ተዘምቶባቸው ነበር፤ ልጃቸው ደጋግሜ ሪፖርት ባደርግም ጽሑፉ በጊዜ አልተነሣም ብሎ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከስሷል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው የእኛው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግሩን እንዲያነሡ ይላል።

ዛቻው የመኖሪያ ሰፈራችሁን ከጠቀሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ለፖሊስ አመልክቱ። ለእኛም ደውሉ፤ አብረናችሁ እንሄዳለን።