የማይታየውን ማሳየት፦ የቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ሥራ

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ሥራ ብቻ ነው የሠራው። በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት የሚሞላበትን ንጹህ ክፍል በቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም በልዩ መነጽር ውስጥ በሚታይ የኮምፒውተር ዓለም፣ ሠራን። አዲስ ሠራተኛ መነጽሩን አጥልቆ ይገባና እውነተኛው ክፍል ከመግባቱ በፊት ይለማመድበታል።

ነገሩ የተጀመረው በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ብልቃጥ ውስጥ ያለው መድኃኒት ጀርም እንዳልገባበት ማን ያያል?» ብላ ጠየቀች። በዓይን ማንም አያይም። ጥያቄዋ ግን ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀንም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በንባብ አለቀ። ልጆቹ ቶሎ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ፈልገው ነበር፤ እኔ መምህራቸው አልፈቀድኩም። ብዙ ክትባቶች ሙቀት አይችሉም። ብልቃጡ ከተሞላ በኋላ ቀቅሎ ጀርም መግደል የለም ማለት ነው። ስለዚህ ክፍሉ ራሱ፣ አየሩም ሰውም፣ ከመጀመሪያው ንጹህ መሆን አለበት። በአውሮፓ የመድኃኒት አመራረት መመሪያ ክፍሎቹ ከኤ እስከ ዲ ደረጃ አላቸው። ብልቃጡ ተከፍቶ የሚቆምበት ቦታ ኤ ነው። እዚያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ፣ ግማሽ ማይክሮንና (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከዚያ በላይ የሆኑ ቅንጣቶች ከ3,520 መብለጥ የለባቸውም። የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን ስነግራቸው አንዱ ልጅ ከራሱ ላይ ፀጉር ነቅሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

በሄፓ ማጣሪያ፣ በጣም ጥቃቅን ብናኝ በሚይዝ ማጣሪያ፣ ያለፈው አየር ከላይ ወደ ታች በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ይወርዳል። እጃችሁን ከተከፈተ ብልቃጥ በላይ ካሳለፋችሁ ያንን አየር ትዘጋላችሁ፤ ከእጅጌያችሁ የረገፈው ወደ ብልቃጡ ይወርዳል። እዚያ ክፍል ውስጥ ትልቁ የብክለት ምንጭ ሰው ነው። ቆዳችን ሁልጊዜ ይረግፋል፤ ስንቸኩል ደግሞ ይብሳል።

ይህን በወሬ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ዱቄት ወለሉ ላይ ነሰነስንና አንድ ልጅ ቱታ እንዲለብስ አደረግን። ልጁ ጥንቁቅ ነው። መጀመሪያ የራስ መሸፈኛውን አጠለቀ፣ ማስኩን አሰረ፣ ቱታውን ሰብስቦ ይዞ አንድ እግሩን አስገባ። ሁለተኛውን ሲያስገባ ትንሽ ተንገዳገደ፤ አንደኛው እጅጌ ወለሉን ነካ ብሎ ተነሳ። ማንም ልብ አላለም። ጓንቱን አድርጎ እንደጨረሰ የክፍሉን መብራት አጥፍተን አልትራቫዮሌቱን አበራን። እጅጌው ላይ ረጅም አረንጓዴ መስመር፣ ዚፑ ዳር ሦስት የጣት አሻራ፣ ማስኩ ጠርዝ ላይ አንድ ነጥብ። ክፍሉ ጭጭ አለ። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ምንም አልነካሁም!» አለ። እውነቱን ነው፤ አልተሰማውም።

በቨርቹዋል ክፍሉ የመጀመሪያ ሥሪት ብናኙን ሁሉ አሳየን። ከእጅ የሚረግፈው ቀይ፣ የሚወርደው አየር ሰማያዊ። በጣም ያምር ነበር፤ የሞከረው ሁሉ ወደደው። ቀለሙን ስናጠፋው ግን እነዚያው ልጆች እጃቸውን ከብልቃጡ በላይ ያሳልፉ ጀመር። ለካ የለመዱት ቀይ ነጥብ መሸሽ ነው፤ እጃቸው ቀስ ማለትን አልለመደም። በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ያንን ሁሉ ግራፊክስ የሠሩት ልጆች እንዲጠፋ አልፈለጉም፤ አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ ያቺው ጥያቄ የጠየቀችው ልጅ «እውነተኛው ክፍል ውስጥ አይታይ፤ እኛ ለምን እናሳያለን?» አለች።

አሁን ሠራተኛው ምንም ብናኝ ሳያይ ይሠራል። ሲጨርስ ከጎን ቆሞ የራሱን እንቅስቃሴ መልሶ ያያል፤ ቀዩ ያኔ ይበራል። በእኔ እምነት የዓመቱ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው።

መነጽሩ ውስጥ ያለው ምስል ከጭንቅላት እንቅስቃሴ ወደ ኋላ እየቀረ ራስ ያዞር ነበር። የ10ኛ ክፍል ልጆች ከክፍሉ ዕቃዎች ላይ ዝርዝሩን ቀንሰው አስተካከሉት።

መነጽሩ የማያስተምረውም አለ። ጓንት ደርቦ ትንሽ ክዳን መያዝ ምን እንደሚመስል አይሰማም። ቱታ መልበስንም በመነጽሩ ሞክረን ተውነው፤ ልብሱ በእጅ ካልተያዘ ትምህርት የለውም። እውነተኛ ሠራተኛ ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈተናል። የባክቴሪያ ማሳደጊያ ያለበት ሳህን ጓንቱና ልብሱ ላይ ተጭኖ የሚበቅል ነገር እንዳለ ይታያል። በመድኃኒት ፋንታ ጀርም የሚያሳድግ ፈሳሽ ብልቃጥ ውስጥ እየሞላም ይፈተናል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱም መደፍረስ የለበትም። የእኛ ሥራ ለዚያ ቀን ማዘጋጃ ነው።

በወላጆች ቀን አንዲት እናት ሞከሩት። ነርስ ናቸው፤ እጃቸው ፈጣን ነው። መልሰው ሲያዩት ቀዩ ብልቃጦቹ ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። ምንም አላሉም። ወረፋው ጫፍ ሄደው እንደገና ቆሙ። ሁለተኛው ሙከራቸው ከመጀመሪያው እጥፍ ጊዜ ወሰደ፤ የወረደው ቀይ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር።

የቀረን አንድ ክፍል ነው፦ ብልቃጥ በሚሞላበት መስመር ላይ ሲወድቅ ሠራተኛው ምን ማድረግ እንዳለበት። የመጀመሪያውን ረቂቅ የ9ኛ ክፍል አባላት ጀምረውታል። በመስከረም ከዚያ እንቀጥላለን።